ከእጣቢ ባልዲ የወጣ ማተብ

ባለፈው ሳምንት ሆዳን ሰፈር ባለው ቤቴ፣ መደርደሪያ ጥግ የረሳሁትን የወይራ ዘይት ከፈትኩ። የጅቡቲ ሙቀት ሲቀቅለው ከርሞ ተበላሽቷል። ሽታው አፍንጫዬን እንደመታኝ መታጠቢያው ላይ ጎንበስ አልኩ። ባለቤቴ "ዘይት እኮ ነው፣ ምን ሆንሽ?" አለኝ። ለእሱ ዘይት ነው። ለእኔ የወንጌላዊው መዳፍ ነው።

ልጅ ሳለሁ እኔና እናቴ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሐዋ የምትባል ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ግቢ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ በየሰው ቤት እየዞረች ልብስ ታጥባለች። አጠገባችን ያለውን ሰፊ ክፍል ጴንጤዎቹ ተከራይተው ዓርብ ዓርብ ይጸልዩበታል፤ እዚህ አገር የእረፍት ቀን ዓርብ ነውና ሰው ቤት ተቀጥረው የሚያድሩት ሴቶች የሚወጡት ያን ቀን ነው። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ግን ሳምንቱን ሙሉ በፈረንሳይኛና በሶማሊኛ ስትታዘዝ ከርማ፣ በአማርኛ የሚዘመርበት በር ተከፍቶ ስታይ ገባች። ማን ይፈርድባታል?

መዝሙሩን የምትመራው እትዬ አስናቁ ነበረች፣ ሃምሳውን ያለፈች፣ የፈረንሳዮች ቤት ምግብ አብሳይ። ያ ድምፅ ከዚያ ከሲታ ደረት ከየት እንደሚወጣ እንጃ። ከበሮ ስለሌላት የዱቄት ወተት ጣሳ ትመታለች። አዛን ሲሰማ መዝሙሩን መሃሉ ላይ አቁማ እስኪያልቅ ትጠብቃለች፤ "ሰው እየጸለየ አይጮኽበትም" ትላለች። እኔ አስም ነበረብኝ። ደረቴ ማፏጨት ሲጀምር ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ቪክስ ትቀባኛለች። ሽንኩርት ሲልጥ የኖረው ሻካራ እጇ ደረቴ ላይ ሲመላለስ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ከዚያ ወንጌላዊው መጣ። አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ አልወጣልኝም፣ ዛሬም አይወጣልኝም። ሽቶው ከራሱ ቀድሞ ይገባል። የነጭ ሸሚዙ ብብት ቢጫ ሆኗል። ሰው የሚቀባበት ዘይት በለስላሳ ጠርሙስ ተሞልቶ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይውላል። አዛን ሲሰማ እሱ ድምፁን ይጨምራል፤ ምራቁ ፊት የተቀመጡትን ይረጫል። እነሱ አሜን ይላሉ፣ እኔ ፊቴን እጠርጋለሁ።

አንድ ዓርብ እጁን ጭንቅላቴ ላይ ጫነና ያ ዘይት በጆሮዬ ሥር ወረደ። ቀና ብሎ እናቴን አያት።

"እህቴ፣ ይህ ጥቁር ክር አንገትሽ ላይ እያለ የልጅሽ ደረት አይከፈትም" አላት።

ማተቧን ነው። ከአገሯ ስትወጣ እናቷ ያሰረችላት ነው፣ ከዚያ በኋላ እናቷን በዓይኗ አላየቻትም። ማተቡን የበጠሰ ማለት ከሃዲ ማለት እንደሆነ እናቴ ጠፍቷት አይደለም። ግን እኔን አየችኝ። እያፏጨሁ ነበር። መቀስ ራሷ አንስታ ክሩን ቆረጠችው።

እትዬ አስናቁ ጣሳዋን አስቀመጠች። "ወንጌላዊ፣ ጌታ የሚያየው ልብን ነው። እኔ ጌታን ስቀበል አንገቴን የፈተሸ የለም።"

"አንቺ ዘምሪ" አላት። ክሩን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ወጣና ደጃፉ ላይ ያለው የሐዋ የእጣቢ ባልዲ ውስጥ ጣለው። የዓሣ አንጀት፣ የሩዝ እጣቢ፣ ዝንብ። ክፍሉ ውስጥ እልል ተባለ። ያን እልልታ ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገሸግሸኛል።

ሐዋ ግቢው ውስጥ ዓሣ ታጸዳ ነበር። ቢላዋዋን አስቀመጠች። "ይሄ በአምላካችሁ ስም የታሰረ አይደል እንዴ? እኛ የአላህ ስም ያለበትን ወረቀት እንኳ ቆሻሻ ውስጥ አንጥልም። አስተግፊሩላህ" አለች።

"ተራ ክር ነው" አላት ወንጌላዊው። ተራ ክር ከሆነ የእኔን ደረት እንዴት ይዘጋል? ያኔ ይህን የጠየቀው ሰው የለም።

እትዬ አስናቁ ከማንም ጋር አልተከራከረችም። የዓርብ ቀሚሷን እጅጌ እስከ ክርኗ ሰብስባ እጇን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ቶሎም አላገኘችውም። አንጀቱ ክንዷ ላይ እየተጠመጠመ ስትፈልግ፣ እናቴ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ታለቅሳለች። ስታወጣው በሳሙና አጠበችው፣ ቀጥላ በበረኪና። ጥቁሩ ክር ቡኒ ሆነ። እናቴ መዳፍ ላይ አኖረችው።

"እሰሪው አልልሽም፣ ጣይውም አልልሽም" አለቻት። "መጣሉ ካልቀረ ግን አንቺው ጣይው፤ ሌላ ሰው አይጣልልሽ።"

የዘይቱ ፈውስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳ አልቆየም፣ ደረቴ ተዘጋ። እትዬ አስናቁ ቪክሷን ይዛ መጣች። እጇ ሲቀርበኝ ፊቴን አዞርኩና "እጅሽ ይሸታል" አልኳት። አይሸትም ነበር። በረኪናው ጣቶቿን ልጦ አቅልቷቸው ነበር። የወንጌላዊው ዘይት ፀጉሬ ላይ እንዳለ ነው፣ እሱን አልተጸየፍኩም፤ የተጸየፍኩት እሷን ነው። እጇን አየችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ቪክሱን ለእናቴ ሰጥታ ወጣች። ከዚያ ወዲያ በእጇ ነክታኝ አታውቅም።

ወንጌላዊው ዓመት ሳይሞላው ሄደ። የት እንደሄደ አልጠየቅኩም። እናቴ ቡኒውን ማተብ መልሳ አሰረችው፣ የዓርብ መዝሙሯንም አልተወችም። ኦርቶዶክሶቹ "ጴንጤ ሆነች"፣ ጴንጤዎቹ "ገና አልለቀቃትም" ሲሏት በሁለቱም ትስቅ ነበር። ስትሞትም ከነማተቧ ተቀበረች።

እትዬ አስናቁ ጉልበቷ ደክሞ አገሯ ልትገባ ስትል ናጋድ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘናት። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። እናቴን አቀፈቻት፣ ሐዋን አቀፈቻት። እኔ ጋ ስትደርስ ሁለት እጆቿን ወደ ኋላዋ አጣምራ ጎንበስ አለችና ግንባሬን በግንባሯ ነካችኝ። እጇን ስቤ መሳም እችል ነበር። አፍሬ ቆምኩ። ባቡሩ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ከቦርሳዋ አዲስ ቪክስ አውጥታ ለእናቴ አቀበለቻት።

"ለልጅቷ ነው" አለች። "አንቺ ቀቢያት።"