ለዘርፌ የተቀባው መብራት

ሥርጉት ወደ አንኮበር የሚሄደው የመጨረሻ ሚኒባስ አምልጧት፣ ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ ጀርባ የሐምሌን ጭቃ እየዘለለች ስትሄድ ከአንድ ጋራዥ ውስጥ ሰው ጠራት።

"እህት፣ አንዴ ገባ ብለሽ ፍረጂን። እኔና ጋሼ ልንጣላ ነው።"

የጠራት ዳግም የሚባል የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ጣቶቹ በቢጫ ቀለም ተለቅልቀዋል። አጠገቡ ጋሽ ባየው የሚባሉ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ሽማግሌ ቆመዋል። ከፊታቸው ዕድሜዋ ከሥርጉት የሚበልጥ፣ ከኋላዋ ክፍት የሆነ ግራጫ የጭነት ፔጆ አፍንጫዋን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች። ከአንድ ዓይኗ የሚወጣው ብርሃን ግድግዳው ላይ አርፏል።

"ይሄ ብርሃን ምን ይመስልሻል?" አላት ዳግም።

ሥርጉት አንኮበር አጠገብ፣ ጎረቤላ የምታስተምር መምህርት ናት። ጨዋታ ካገኘች የመኪናም ነገር የሚረሳት ዓይነት ሰው ናት። ጠጋ ብላ አየችና "ፍሬቻ" አለች።

"ይኸው፣ እኔ ስለው አልሰማኝም" አሉ ሽማግሌው። "በዚህ ብሄድ መንገደኛው ሁሉ ሊታጠፍ ነው እያለ ቆሞ ይጠብቀኛል።"

"ታዲያ ምን ልቀባው ጋሼ? ጠጅ ላስመጣ?"

"ከጠዋት ጀምሮ ነገርኩህ። የተነጠረ ቅቤ። ትኩሱን፣ ሳይረጋ።"

ዳግም ወደ ሥርጉት ዞሮ አቤቱታውን አሰማ። ጋሽ ባየው የሚፈልጉት የድሮ ቢጫ አምፖል ከተማው ውስጥ የለም። አዲስ አበባም አስጠይቆ አጥቷል። ዝግጁ የሆነ አዲስ ቢጫ መብራት ቢያመጣላቸው "የመጠጥ ቤት በር ላይ ስቀለው" ብለው መለሱለት። ስለዚህ የመብራቱን መስታወት ፈቶ፣ ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች ለመስታወት በሚጠቀሙበት ቀለም ከውስጥ እየቀባ ነው። አንዴ በጣም ገረጣባቸው፣ አሁን ደግሞ ቀላባቸው።

ቀለሙን በቤንዚን አጥቦ፣ አቅጥኖ እንደገና ቀባው። ሥርጉት ጥላዋን አጥፋ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። መስታወቱ ደርቆ ተመልሶ ሲገጠምና ሲበራ፣ ማንም ሳይጠይቃት "ቅቤ" አለች።

ጋሽ ባየው ጠጋ አሉ። እጃቸውን ብርሃኑ ውስጥ አስገብተው መዳፋቸውን ገለበጥ እያደረጉ አዩት። ሁለተኛውም መብራት ያንኑ ቀለም እስኪይዝ ከዚያ ቦታ አልተንቀሳቀሱም። ከዚያ፣ አሁን ገና እንዳዩዋት ሁሉ፣ "አንቺ ወዴት ነሽ?" አሏት።

"ጎረቤላ፣ ጋሼ። ሚኒባሱ ጥሎኝ ሄዶ።"

"ግቢ።"

ከከተማው ወጥተው ባሕር ዛፉ ሲሳሳና የገብሱ ማሳ በግራ በቀኝ ሲዘረጋ፣ ሥርጉት ዝም ማለት አልቻለችም። "ለጭጋግ ብለው ነው አይደል ቢጫ ያስደረጉት?"

"ለዘርፌ ነው" አሉ ጋሽ ባየው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማቸው። ባየው ወጣት እያሉ በሰው መኪና ላይ ረዳት ነበሩ፤ ጆንያ ሲሸከሙ፣ ጎማ ሲያወርዱ፣ ከጭነት ላይ ሲያድሩ ኖረው ይቺን ፔጆ ገዙ። ከነቢጫ መብራቷ ነው የመጣችው፤ ፈረንሳዮቹ ያኔ እንዲያ አድርገው ነበር የሚሠሯት። በዚያው ዓመት ከሰላ ድንጋይ ዘርፌን፣ በሙሉ ስሟ ዘርፈሽዋልን፣ አገቡ። ገብስ ጫኑ፣ ሙሽራ ጫኑ፣ ምጥ የጠናባትን ሴት ጫኑ፤ አንድ ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ደወል ጭነው፣ በየጉድጓዱ እየጮኸባቸው አንኮበር ድረስ ሄደዋል። ቤታቸው ከጎረቤላ አፋፍ ላይ፣ ከመንገዱ መታጠፊያ በታች ነው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ መብራታቸውን ሁለት ጊዜ ብልጭ ያደርጋሉ። ዘርፈሽዋል ከጓሮም ትሁን ከማድቤት ቢጫውን ታየዋለች፤ የሌላው ሰው መኪና ሁሉ ነጭ ነው። ወጡን እሳት ላይ ትጥድና የግቢውን በር ትከፍታለች።

"የገዛ ቤቴን በር ወርጄ ከፍቼ አላውቅም" አሉ። "አንድም ቀን። ዝናብ ቢሆን፣ ብትታመም፣ ብንኳረፍ እንኳ። ስንኳረፍ ትከፍትና ፊቷን አዙራ ትገባለች።" ብቻቸውን ሳቁ። "ባለፈው ፍልሰታ እንኳ፣ ከቅዳሴ ስትመለስ መንገድ ስታ ሰው ግቢ ገብታ ተቀምጣ፣ ፈልጌ አጥቼ ማታ ቤት ስደርስ ቀድማኝ በሩን ከፍታ ቆማለች። ጎረቤት አምጥቷት ነው። እንዴት እንደሳቅንባት።"

በጥቅምት ልጃቸው ሊያ ከአዲስ አበባ መጣች። የአባዬ ዓይን ደክሟል ብላ ነጭ፣ ኃይለኛ መብራት ገዝታ አስገጠመችላቸው። የገጠመው ሰው የድሮዎቹን የት እንዳደረሳቸው አይታወቅም። በዚያው ሳምንት መታጠፊያው ላይ ብልጭ አደረጉ፤ በሩ ዝም። ጡሩምባ ነፉ። ከውስጥ መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰሙና የዘርፈሽዋል ድምፅ መጣ፤ ባለቤቴ የለም፣ ሲመጣ ተመለሱ።

"የምትቀልድ መስሎኝ ነበር" አሉ። "ጎረቤታችን እትዬ አመተ ማርያም ነች በጓሮ ገብታ የከፈተችልኝ። እስከ ዛሬ እሷ ነች የምትከፍተው። ዘርፌ ቀማኛ የገባባት ያህል ጥግ ይዛ ታየኛለች።"

"ቀን ቀንስ፣ ጋሼ? ቀን ያውቁዎታል?"

ጋሽ ባየው ማርሽ ቀየሩ። መንገዱ ሜዳ ነበር፤ ማርሽ የሚያስቀይር ነገር አልነበረውም።

"አንዳንዴ" አሉ። "ሊያ ሐኪም ቤት ወስዳታለች። የመርሳት ሕመም ነው፣ መድኃኒት የለውም፣ ታገሷት አሉ። ሐኪሙ ግን መብራቱን አላየም። ነጩ የገባ ሳምንት ነው እኮ የጀመራት። ከዚያ በፊት ደህና ነበረች።"

ሥርጉት የፍልሰታውን ነገር አሰበች። ፍልሰታ ከጥቅምት በፊት ነው። አፏ ድረስ መጣና የሽማግሌውን ፊት አየች፤ ተላጭተዋል፣ አገጫቸው ላይ የቢጫ ቀለም ነጠብጣብ ደርቋል። "አገጭዎ ላይ ቀለም አለ" አለቻቸው። በመዳፋቸው ፈተጉት፤ አልለቀቀም።

አፋፉ ጋ ሲደርሱ ጭጋጉ ከቆላው ተነሥቶ መንገዱን ዋጠው። ገና አልመሸም፤ ነገር ግን ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ የሚታይ የለም። ጋሽ ባየው መብራቱን አበሩ። ጭጋጉ ቢጫ ሆነ። መታጠፊያው ላይ መኪናዋን አቆሙና መሪውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

"አንቺ ባትናገሪ ጥሩ ነው" አሉ በሹክሹክታ፣ ከዚህ ሆኖ የሚሰማ ይመስል።

ብልጭ አደረጉ። ደገሙ። ቁልቁል ሲወርዱ ሥርጉት እንደ ገዛ ጉዳይዋ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበር፤ የግቢው ቆርቆሮ በር ከጭጋጉ ሲወጣ ሁለቱ ተካፋች ወለል ብለው ተከፍተዋል።

ዘርፈሽዋል ከበሩ ጎን ቆማለች። ቀጭን ናት፤ በትከሻዋ ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ደርባለች። ጋሽ ባየው የመኪናዋን በር ከፍተው ወረዱ። ዘርፈሽዋል ግን ወደ እሳቸው አልመጣችም። ወደ ፔጆዋ ፊት ሄዳ መስታወቱ ላይ መዳፏን አሳረፈችና "መጣሽ" አለቻት። ከዚያ በመስኮቱ ገባ ብላ የሥርጉትን መቀመጫ አየች። ወደ ኋላ ዞራ ጭነት መያዣውን አየች። ተመልሳ ጋሽ ባየው ፊት ቆመች።

"ባየውስ?" አለቻቸው። "የት ጥለውት መጡ? ይቺን መኪና ለሰው አይሰጥም እሱ።"

"ዘርፌ" አሉ።

"አመመው እንዴ? ይንገሩኝ፣ አልደነግጥም።"

ጋሽ ባየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። ሥርጉት እኚህ ናቸው ባየው ማለት ፈለገች፤ የሴትየዋ ዓይን ከእሳቸው አልፎ ጭጋጉን ሲፈልግ አየችና ተወችው።

"ደህና ነው" አሉ በመጨረሻ። "ከኋላ እየመጣ ነው።"

ዘርፈሽዋል ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "እንግዲያ መብራቱን አያጥፉት። መንገዱ ይታየው። ይግቡ፣ ብርድ ነው፤ ወጡን ጥጃለሁ" ብላ ወደ ቤት ዞረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ግን ሐሳቧን ለውጣ ተመለሰችና መንገዱን እያየች በሩ ላይ ቆመች።

ሥርጉት ቦርሳዋን ይዛ ወረደች። "ጋሼ፣ ባትሪው ይወርዳል" አለች።

ጋሽ ባየው መብራቱን አላጠፉም። ሄደው ከዘርፈሽዋል ትንሽ ራቅ ብለው፣ እሷ ወደምታይበት ዞረው ቆሙ።

"አንቺ ሂጂ የኔ ልጅ፣ ይመሽብሻል" አሏት። "እኔ አብሬያት ልጠብቀው።"