ሁለቱ ቀይ ማሊያዎች

ወንድሜ በትኩሳት የሞተው የሰሊጥ አጨዳው ሊጀመር ሲል ነው። እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ቀበርነው። እናታችን መተማ ናት፤ ገና አልሰማችም ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም። እኔ ደግሞ መሄድ አልቻልሁም። ኬላው ላይ ወጣት ወንድ እየያዙ ነው ይባላል።

በእኛ አገር ሩቅ የተቀበረ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ልብሱ ለቅሶው መሐል ይወጣል፤ አስለቃሿ ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች፣ እናት ትቀበልና ታቅፈዋለች። ልብስ ከሌለ እናት ባዶ እጇን ታለቅሳለች።

ከወንድሜ ምን ነበረኝ? ጋቢው አብሮት ተቀብሯል። ሱሪው አልቋል። የቀረው ማሊያው ብቻ ነው፤ ቀይ፣ ጀርባው ላይ ዐሥር ቁጥር ያለበት። እሱን ለብሶ የተነሣው ፎቶ እናቴ ቤት ግድግዳ ላይ አለ። ማሊያውን ታውቀዋለች።

ተግሊድ ነበር። እዚህ አስመስለው የሠሩትን ዕቃ ሁሉ ተግሊድ ይሉታል፤ እውነተኛው አስሊ ነው። ወንድሜ አስሊ ገዝቶ አያውቅም። ስቀልድበት፣ «አስሊውን የሚለብሱት ተጫዋቾቹ ናቸው፤ እነሱም በነጻ ነው» ይለኝ ነበር። በአንድ አስሊ ጫማ ዋጋ ለሁለታችን ጫማ፣ ለእኔ ደግሞ የትምህርት ቤት ቦርሳ ይገዛል። ዐሥረኛ ክፍልን የጨረስሁት በተግሊድ ጫማ ነው። በክረምት ጭቃ ሶሉ አፉን ሲከፍት እሱ በሽቦ ይሰፋልኛል። እሱ አልተማረም። እና ተግሊድን ልርገም እላለሁ… አፌ እንቢ ይለኛል።

ማሊያውን ጎረቤታችን አጠቡት። ትግርኛ ተናጋሪ እናት ናቸው፤ ታሞ ሳለ ውሃ ያጎነጩት እሳቸው ናቸው። ማሊያው ላይ አስመልሶበት ስለነበር በፈላ ውሃ ዘፈዘፉት፣ በረኪናም ጨመሩበት። ገመድ ላይ ሳየው አላወቅሁትም። ቀዩ ወርዶ ቦታ ቦታውን ነጭ ሆኗል። ከቁጥሩ ዜሮዋ ተላጣ አንዷ ብቻ ቀርታለች። ብብቱ ሥር ስፌቱ ለቋል።

«ወይ ወደይ፣ ወይ ልጄ» አሉኝ፤ «ንጹሕ ሆኖ ይግባላት ብዬ ነበር እኮ።»

ጣቶቻቸው ቀልተዋል። ምን ልበላቸው? «ደግ አደረጉ፣ እማማ» አልሁ።

ገበያ ወጣሁ። አንድ ሱዳናዊ ነጋዴ ማሊያ መሬት ላይ ከምሮ ይሸጣል። ከክምሩ አንዱን አነሣ። ያው ቀይ። ያው ዐሥር ቁጥር። ከሥሩም ሌላ፣ ከሥሩም ሌላ።

«አያልቅም?» አልሁት።

«ወላሂ ተግሊድ አያልቅም፣ ያ ሐበሺ! የሚያልቀው አስሊው ነው» ብሎ ሳቀ። ክፋት አልነበረበትም። ስለ ወንድሜ በምን ያውቃል።

ገዛሁት። ግን ሽታው የላስቲክ ነው። እናቴ ፊቷን ትቀብርበታለች፤ ላስቲክ ልትስም ነው። አሰብሁ፣ አሰብሁ፣ ሌላ መላ ጠፋኝ። እኔው ለብሼው አጨዳ ገባሁ። አንድ ማኅፀን ነን፤ ላባችንም ይመሳሰል ይሆናል አልሁ።

ልብሱን ሊያደርስልኝ ቃል የገባው የወንድሜ የአጨዳ ጓደኛ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ወደ መተማ ይመለሳል። እኔ ነዶ እያቆምሁ ሳለ እሱ ከወዲያኛው ማሳ መጣ። ከኋላዬ ማጭድ ሲወድቅ ሰማሁ።

«በስመ አብ! አንተ ነህ?»

ዞርሁ። ፊቱ በርቶ ነበር። ሲያየኝ ብርሃኑ ጠፋ። እሱ ራሱ ሬሳውን ተሸክሞ የቀበረ ሰው ነው፤ ሆኖም ለአንዲት አፍታ ደስ ብሎት ነበር።

«ምን ሆነህ ነው ይህን የለበስህ? ሰው ልትገድል ነው?»

ነገርሁት። ነዶው ሥር ቁጭ አለ።

«ላብህን ልትልክላት ነው?» አለ። «እናት እኮ ናት፣ አንተ! ሁለታችሁንም ገላችሁን አጥባ ነው ያሳደገች። የማን እንደሆነ ትለየዋለች።»

«ካልለየችስ?»

«ከለየች አይደል ጉዱ። ሁለቱም ሞተውብኝ መርዷቸው በአንድ ቀን መጣ ትላለች። አንተንም ቀብራ ታለቅስሃለች።»

ይህን አላሰብሁትም ነበር።

የሚሄድ ዕለት የታጠበውን በፌስታል ጠቅልዬ ሰጠሁት። የሚሳፈርበት ሎሪ ሞተሩን አስነሥቷል።

«ምን ልበላት?»

«ጎረቤት አጥበውት ነው በላት። ግን የእሱ ነው በላት።»

«ቀይ አልነበረም ወይ ብትለኝስ?»

«ነበር በላት» አልሁት።

ሎሪው ከሄደ በኋላ መንገዱ ተዘጋ አሉ። ሰውየው ይድረስ፣ ይመለስ፣ የሰማሁት የለም። አዲሱን ማሊያ ለብሼ እሠራለሁ፤ መቀየሪያ የለኝም። ሠራተኞቹ ከፊት ለፊቴ ካልሆነ አይጠሩኝም።

ትናንት በአክስቴ ስልክ እናቴ ደወለች። ድምፅዋ የደኅና ሰው ነው። ስለ ሰሊጡ ጠየቀችኝ፣ ስለ ዝናቡ። ቀጥላ፣ «በል እስቲ ወንድምህን አገናኘኝ» አለች።

«ማሳ ነው» አልሁ። «አይሰማም፣ እማዬ። ኔትወርክ የለም።»

«ሃሎ? ሃሎ?» ትላለች። ቁልጭ ብሎ ይሰማኛል። ስልኩን ዘጋሁት።