ፍሪጅ ላይ የለጠፍኩት እባብ

ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንዲህ ያለ ነገርም ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ግን እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ፓርክ ካደረገ መኪና ኋላ ላይ ያንን የእባብ ሥዕል ተለጥፎ አየሁትና እጄ አላርፍ አለ። ስምንት ቦታ የተቆራረጠ እባብ፣ ከየቁራጩ አጠገብ ፊደል ያለበት።

መጀመሪያ ያየሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ላይብረሪ ውስጥ እንግሊዝኛ ስማር፣ መጽሐፍ ላይ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን ዘንዶ በሥዕል እያየሁ ያደግኩ ነኝና «እሰይ፣ ገደሉት!» ብዬ አንሾካሾክኩ። አጠገቤ የሚቀመጡት ታክሲ ነጂው ጋሼ ተሰማ ሳቁ።

«ጠላት አይደለም የኔ ልጅ። እባቡ ራሳቸው ናቸው» አሉኝ። «አሜሪካ ገና አንድ አገር ሳትሆን፣ እያንዳንዱ ግዛት ለብቻው ሳለ፣ አንድ የጋዜጣ ሰው ነው የሳለው። ፊደሎቹ የግዛቶቹ ስም ናቸው። ካልተያያዝን ሞትን ማለቱ ነው። የተቆረጠ እባብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተገጣጠመ ይድናል ይሉ ነበር አሉ።»

ይኼ ሁሉ መንገድ፣ ይኼ ሁሉ ፎቅ፣ አንድ ጊዜ ቁርጥራጭ ነበር? ሰውስ ራሱን እባብ፣ ያውም የተቆረጠ እባብ አድርጎ ይስላል?

ኮሪያታውን ሰፈር ያለው የኪራይ ቤታችንም ያን ሰሞን ተቆራርጦ ነበር። ከእኔና ከትልቃችን ከእትዬ ብርሃኔ ጋር የምትኖረው ሰብለ፣ በሑዳዴ በእትዬ የጾም መጥበሻ እንቁላል ጠበሰች። በቃ! ፍሪጁ በፕላስተር ለሦስት ተከፈለ፤ ከአንድ ትሪ መብላታችን ቀረ። ሰብለ ኢንግልዉድ የሚባል ሰፈር ክፍል አግኝታ ልትወጣ ሆነ። እሷ ከወጣች ኪራዩን ለሁለት አንችለውም፤ እኔ ደግሞ በዚህ አገር ከእነሱ ሌላ ሰው አልነበረኝም። መናገር አልችልበትም። ስለዚህ እባብ ስዬ፣ ሦስት ቦታ ከፍዬ፣ «ብ፣ ሰ፣ ት» ብዬ የስማችንን መነሻ ጻፍኩበትና ፍሪጁ ላይ ለጠፍኩት።

በማግስቱ ከሰዓት ከሥራ ስገባ ሁለቱም ፍሪጁ ፊት ቆመዋል።

«በስመ አብ! በስማችን መተት!» እትዬ ብርሃኔ ያማትባሉ።

«እኔን አይዩኝ እትዬ! ደብል ሺፍት እየሠራሁ መተት የማሠራው በየትኛው ሰዓቴ ነው?» አለች ሰብለ። «ሶ ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ጋሼ ተሰማ ያሉኝን ሁሉ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሰብለ ፍሪጁ ላይ ያለውን ፕላስተር በጥፍሯ ትልጠው ጀመር።

ያ የጋዜጣ ሰው ሥዕሉ የት የት እንደሚደርስ አስቦ ይሆን? ዛሬ መኪናው አጠገብ ቆሜ ሳየው፣ የዚያን ዕለት ማምሻውን እትዬ ብርሃኔ ሽሮውን አንዱ ትሪ ላይ አፍስሰው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ያሉን መጣብኝ፦

«ቅረቡ እንጂ! ፀሐይዋ ልትጠልቅ እኮ ነው።»