ተቀብለናል ብለን የሰረዝነው ጸሎት

የጥሞና ደብተሬን የምጽፈው መኪና ውስጥ ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ፕሊማውዝ ካለው የአረጋውያን መንከባከቢያ፣ ሥራዬ ከመግባቴ በፊት፣ ፓርኪንግ ላይ ሞተሩን ሳላጠፋ እቀመጥና ደብተሩን መሪው ላይ አስደግፌ ለእግዚአብሔር እጽፍለታለሁ። ብርዱ ሲበረታ እስክሪብቶው እምቢ ይላል፤ ብብቴ ሥር ከትቼ አሞቀዋለሁ። ባለቤቴ «ለጌታ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆነሽ ተቀጠርሽ እንዴ?» እያለ ይቀልድብኛል። ይቀልድ። እኔ እንደ እሱ ዓይኔን ጨፍኜ መጸለይ አይሆንልኝም፤ ከጨፈንኩ የሚታየኝ የልጄ ምሳ ዕቃና ያልተቀየረ የመኪና ዘይት ነው። ስጽፍ ግን ልቤ ይሰበሰባል።

ደንቤ ያልተሰማኝን አለመጻፍ ነው። ከተቆጣሁ መቆጣቴን እጽፋለሁ። «ዛሬ ምስጋና የለኝም፣ ነገ ሞክረኝ» ያልኩበት ገጽ አለ፤ አላፈርኩበትም። ጌታ እንደሆነ ያውቀዋል፣ ብደብቀው ምን ይጠቅመኛል?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ፣ የጸሎት ቡድናችንን የሚመሩት እትዬ ቤት እንሰበሰብ ነበር። ሴቶች ብቻ ነን። እያንዳንዳችን የጸሎት ርዕሳችንን እንናገራለን፦ የወገብ ሕመም፣ የዜግነት ፈተና፣ አልታዘዝ ያለ ልጅ። የሁሉንም እኔ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ፤ እነሱ ሻይ እስኪቀዳ ይረሱታልና። ጸሎቱ ሲመለስ እልል እንልና ርዕሱን በቀይ እሰርዘዋለሁ።

ከመካከላችን አንዷ ሆፕኪንስ ውስጥ የምንኖርበት ሕንፃ ላይ ጎረቤቴ ናት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪናዬ ራይድ የምሰጣትም እኔ ነኝ። የእሷ ርዕስ ተለውጦ አያውቅም። ልጇን አዲስ አበባ እናቷ ጋ ትታ መጥታ፣ የራሷ የመኖሪያ ወረቀት ካለቀ በኋላ የልጅቷ አልንቀሳቀስ ብሎ ነበር። ሁሌ «የልጄ ፕሮሰስ እንዲያልቅ» ትላለች፤ እኛም አብረናት እናለቅሳለን።

አንድ ቅዳሜ እትዬ በጸሎት መሀል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ስለዚህች ልጅ አንለምንም! በእምነት ተቀብለናል፣ እናመሰግናለን» አሉ። ይህ በእኛ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ያልመጣውን እንደመጣ ቆጥሮ አስቀድሞ ማመስገን። እልል አልን፣ እናቲቱ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፣ እኔም ቀዩን አወጣሁና ሰረዝኩት። ከዚያ በኋላ ርዕስ ስትጠየቅ «እኔ ደህና ነኝ፣ ለአገር ሰላም ጸልዩ» ማለት ጀመረች።

በቀጣዩ መኸር የልጄ የብርድ ጃኬት ጠበባት። ልጄ የጎረቤቴን ልጅ በአንድ ዓመት ስለምትበልጣት ይዤው ወደ ጎረቤቴ ቤት ወረድኩ።

«ላንቺ ልጅ አስቀምጪላት» አልኳት። «ልኳ ይሆን?»

ጃኬቱን አንጠልጥላ አየችው። የልጇን ቁመት ልታሳየኝ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ወደ ደረቷ ከፍ አደረገችው፣ መልሳ አወረደችው። «አላውቅም» አለች።

«ኬዙ ምን ላይ ደረሰ?»

«ፔንዲንግ ነው፣ ገና ጠብቂ ነው የሚለኝ። ኢሜይሌን ቼክ ባደረግሁ ቁጥር ፔንዲንግ።»

«ታዲያ ቅዳሜ ለምን አትናገሪም?»

«ተቀብለናል ብለን የለ እንዴ? ተመልሼ ብጠይቅ እምነት የላትም ትሉኛላችሁ። ጌታም ያዝንብኛል ብዬ፣ ቤቴ ስጸልይም ስሟን አልጠራም።»

ደሜ ፈላ። እናት የልጇን ስም አምላኳ ፊት እንዳትጠራ ማን ከለከላት? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እሷ ደግሞ የሚቀርባት ልጇ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ደብተሬን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ከቀዩ መስመር በፊት የልጅቷ ስም በየገጹ አለ። ከመስመሩ በኋላ ስለ ጎማ አለ፣ ስለ አለቃዬ አለ፣ ስለ ባለቤቴ ኩርፊያ ሳይቀር አለ። እሷ የለችም። እኛ ስላመሰገንን ብቻ ልጅቷ አሜሪካ የገባች ያህል ረስተናታል። ራሴን ስወቅስ አልዋልኩም፤ ቅዳሜ ሩቅ አይደለም።

ቅዳሜ ገና ከመቀመጣችን አፌን ከፈትኩ። «እትዬ፣ የልጅቷን ርዕስ መልሼ ልጽፈው ነው።»

«ተቀብለናል እኮ ልጄ» አሉ ረጋ ብለው። «ተመልሶ መለመን አለማመን ነው።»

«የተቀበልነውማ ቢሆን ቤታችን ይገባ ነበር። ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ እትዬ።»

እሳቸውን እንዲህ የሚናገር የለም። ከአፌ ከወጣ በኋላ እኔም ደንገጥ ብያለሁ፣ ግን ቃሌን አላጠፍኩም። ተነሥቼ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁላቸው። ሌላውን ገመናዬን ያነባሉ ብዬም አልሳሳሁ፤ ያንብቡት። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ እያሉ ገለጡ። ስሟ፣ ስሟ፣ ቀዩ መስመር። ከዚያ ወዲያ ብዙ ገለጡ።

«ከዚህ በኋላ የለችም» አሉ።

«የለችም።»

እትዬ ክፉ ሰው አይደሉም። ስወልድ ገንፎዬን ያገነፉ፣ ለእያንዳንዳችን የጾሙ ሴት ናቸው። እምነታቸው ከእኔ ይበልጣል፤ ችግሩም እሱ ነበር፣ ለእሳቸው የሚበቃው ለሁላችን የሚበቃ ይመስላቸዋል። ወደ እናቲቱ ዞሩ።

«ፈርተሽ ነው ዝም ያልሽው?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እኔን ነው የፈራሽው ጌታን?»

«ሁለታችሁንም» አለች።

አንዷ ሳቋ አመለጣት፣ እትዬም ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ዓይናቸው ረጥቦ ነበር። «እኔን እንኳ አትፍሪኝ። በይ ንገሪን፣ እሷም ትጻፈው» ብለው ደብተሩን መለሱልኝ።

የምትለውን ስለማውቀው ሳትናገር «የልጇ ፕሮሰስ» ብዬ ጀመርኩ። አጠገቤ ስለነበረች አየችው።

«እሱን ተይው» አለችኝ። «ፕሮሰስ አትበይ።»

«ምን ልበል?»

እጆቿን አፍተለተለች።

«ሳታድግብኝ ትምጣ በይልኝ።»

እንዳለችው ጻፍኩት። ቀና ስል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እትዬ ቀድመውን ተንበርክከዋል።