የፎልክማር ሐምራዊ መብራት

ፎልክማር ብሮዘ እስከ ስድሳ ስድስት ዓመቱ አንዲት ካልሲ አጥቦ አያውቅም ነበር። ይህን የምለው ለማማት አይደለም፤ ራሱም አይክደውም። በጀርመኗ ኖይሙንስተር በአንድ የጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሽመና መኪና ሲጠግን ኖሯል። ክር በጣቱ ዳስሶ ጥጥ ነው፣ ሱፍ ነው፣ ስንት ጊዜ ተገምዷል ብሎ ይነግርሃል። ያው ክር ሸሚዝ ሆኖ ከቆሸሸ በኋላ ግን ጉዳዩ የሚስቱ የጌርሂልድ ነው።

ጡረታ ሲወጣ ጣቱ ሥራ አልፈታም። በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጠዋት፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለው የእንግዳ ማረፊያ አዳራሽ፣ የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ዘመን ሜዳሊያ የምንሰበስብ ሰዎች እንገናኛለን። በጣም የሚፈለገው መደዳው ነው፤ አንድ ወታደር የተሸለማቸው ሁሉ ከነጥብጣባቸው ጎን ለጎን ተሰፍተው ደረት ላይ የሚሰኩበት። መደዳ የአንድ ሰው ታሪክ ስለሆነ ይፈለጋል፤ ስለሚፈለግም ይጭበረበራል። አጭበርባሪው ሜዳሊያ ከዚህም ከዚያም ይለቃቅምና በአዲስ ክር ይሰፋዋል። ፎልክማር እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገን። ገልብጦ ገበሩን፣ ቆርቆሮውን፣ መርፌ ቁልፉን፣ ስፌቱን ያያል። ፊቱን ልታሳየው ከሞከርክ "እሱን ለሚስትህ አሳያት" ይልሃል። ለጦርነቱ ቅንጣት ፍቅር የለውም፤ ታላቅ ወንድሙ ከዚያ አልተመለሰም። የሚወደው ውሸት እጅ ከፍንጅ ሲያዝ ማየት ነው።

የመጨረሻው ዳኛ ሐምራዊ መብራቱ፣ ባንክ ቤት ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት ዓይነት፣ ነበር። መጋረጃው ይዘጋል፣ መብራቱ ይበራል። አሮጌ ክር እንደተኛ ይቀራል፤ አዲስ፣ ከጦርነቱ በኋላ የተሠራ ክር ከሆነ ቦግ ብሎ ነጭ ያበራል። ካበራ ፎልክማር "አይሆንም" ይላል፣ አለቀ። ሰባት ዓመት ሙሉ በዚያች ቃል ላይ ይግባኝ ያለ ሰው የለም።

ጦርነቱ ካበቃ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በጥቅምት አንዲት እሑድ፣ ወይዘሮ ፖሽማን የሚባሉ ወደ ስድሳ የተጠጉ ሴት ከአንድ የሐይቅ ዳር መንደር መጡ። ከኋላቸው የመንደሩን ታሪክ የሚጽፈው ጡረተኛ መምህር ቲደማን አለ። ሴትዮዋ በወጥ ቤት ፎጣ የጠቀለሉትን ጠረጴዛው ላይ ፈቱ። ሦስት ሜዳሊያ ያለው መደዳ ነው፦ የብረት መስቀል፣ የአገልግሎት ሜዳሊያ፣ በመሀላቸው ደግሞ የነፍስ አድን ሜዳሊያ። እንደ ደንባችን የተከለከለው የናዚ ምልክት በጥቁር ፕላስተር ተሸፍኗል።

"ልሸጠው አይደለም" አሉ ወይዘሮ ፖሽማን። "አባቴ በምሥራቅ፣ ጀርመን በጦርነቱ ባጣችው በድሮ አገራችን፣ በረዶ ተሰብሮ ሐይቅ የገቡ ሁለት ልጆች አውጥቷል። በኋላ ዘመቻ ሄደ፤ ለፈቃድ መጥቶ ይህን ቤት ትቶት ተመለሰና በዚያው ቀረ። ወረቀቱ ሁሉ እዚያ ተቃጠለ። እናቴ ይህን በኮቷ ጠርዝ ሰፍታ ነው በስደት ያመጣችው። አሁን መንደራችን የነፍስ አድን ጀልባ ገዝቷል። በአባቴ ስም ትጠራ ብዬ ጠይቄያለሁ።"

"እኔ ደግሞ ማስረጃ አልኩ" አለ መምህሩ። "ከምሥራቅ የመጣው ሁሉ እዚያ ርስትና ፈረስ ነበረኝ ይላል። እነዚያ ፈረሶች ሁሉ እውነት ቢሆኑ አገሩ መቆሚያ አይበቃቸውም ነበር። ዓርብ ድምፅ ይሰጣል። ማስረጃ ከሌለ ጀልባዋ በለጋሹ የወተት ፋብሪካ ስም ትጠራለች።"

ፎልክማር መደዳውን ገለበጠ። ቆርቆሮው ያረጀ፣ መርፌ ቁልፉ ዝጎ ገበሩን ያቀለመ፣ ስፌቱ የሠለጠነ የልብስ ሰፊ እጅ። ወደደው። መጋረጃው ተዘጋ፣ መብራቱ በራ። መደዳው ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። ጥብጣቡ በራ፣ ገበሩ በራ፣ እያንዳንዷ ስፌት በራች። አንዱ ከኋላ አፏጨ።

"አይሆንም" አለ ፎልክማር። "ይቅርታ ወይዘሮ፣ ይህ ከጦርነቱ በኋላ የተሰፋ ነው።"

ሴትዮዋ አልተከራከሩም። ፎጣውን እንደ ሕፃን መጠቅለያ በጥንቃቄ አጣጥፈው ወጡ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ፎልክማርም ሊመልሰው አልቻለም። ያ የዛገ መርፌ ቁልፍ አዲስ ስፌት ላይ ምን ይሠራል የሚለው ግን ይቧጥጠው ጀመር።

ጌርሂልድ በዚያ ሰሞን ዳሌዋን ቀዶ ጥገና አድርጋ ለሦስት ሳምንት ማገገሚያ ቤት ነበረች። ማክሰኞ ዕለት የፎልክማር ንጹሕ ሸሚዝ አለቀ። ደውሎ ከመጠየቅ ሞት ይሻላል ብሎ ምድር ቤት ወረደና ያገኘውን ሁሉ ማጠቢያ መኪናው ውስጥ አጎረ። ዱቄቱንም እንደ ዶሮ መኖ እየዘገነ ጨመረበት። አረፋው ወለሉን ሲያለብሰው በመጥረጊያ ሲያሳድደው ዋለ።

ከሰዓት በኋላ ልብሱን ገመድ ላይ ሰቅሎ፣ እዚያው ካለው የሥራ ጠረጴዛው ተቀመጠ። አንድ ወዳጅ የላከለትን ጥብጣብ ሊያይ ትልቁን መብራት አጥፍቶ ሐምራዊውን አበራ። ቀና ሲል ገመዱ በሙሉ በርቷል። ሸሚዙ፣ የውስጥ ሱሪው፤ ይሁን፣ አዲስ ናቸው። የጌርሂልድ አያት ለሰርጓ በቀይ ክር 1911 ብላ የጠለፈችው የተልባ እግር ፎጣም ግን ከሁሉ አብልጦ ያበራ ነበር። ፎልክማር ሄዶ ዳሰሰው። አሮጌ ክር ነው፤ ጣቱ አይሳሳትም። ስልኩን አነሳ።

"ጌርሂልድ፣ የአያትሽ ፎጣ ለምንድን ነው የሚያበራው?"

"የአያቴን ፎጣ ምን ልትሠራበት ነካኸው?"

"አጠብኩት።"

"አንተ አጠብክ? አሞሃል እንዴ?"

"እባክሽ መልሺልኝ።"

"ዱቄቱ ነዋ። ማንጫ አለበት፤ ጨርቁ ላይ ይቀርና እያበራ ነጭ ያስመስለዋል። እሱን የማታውቅ ሴት በዚህ አገር የለችም።"

"ክርም ላይ ይቀራል?"

"የነካው ሁሉ ላይ። ምነው ድምፅህ?"

"አንዲት ሴት በድያለሁ" አለ ፎልክማር።

"እንግዲያው እኔ ጋ ምን ታወራለህ? እሷ ጋ ሂድ" አለችና ዘጋችው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ሐይቁ መንደር ነዳ። ወይዘሮ ፖሽማን በሩን ገርበብ አድርገው፣ ይግቡ ሳይሉ አዩት።

"ወይዘሮ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሜዳሊያውን አጥበውት ያውቃሉ?"

ሴትዮዋ ቆጣ አሉ። "ምን ማለትዎ ነው? የአባቴን ዕቃ በቆሻሻ ላስቀምጥ ኖሯል? በየዓመቱ ፋሲካ ሲቃረብ መጋረጃው ወርዶ ሲታጠብ እሱም አብሮ ይታጠባል። ለብ ባለ ውሃ፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በጥሩ ዱቄት። ይኸው ሠላሳ ዓመት።"

ፎልክማር ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። "አርባ ወንዶች ከብበነው፣ ታጥቦ ይሆናል ብሎ ያሰበ አንድ ሰው ጠፋ" አለ፣ እየሳቀም እያፈረም። ነገሩን ከነፎጣው ነገራቸው።

"ታዲያ እውነተኛ ነው?" አሉ ሴትዮዋ። እጃቸው የበሩን ጠርዝ ይዟል።

"ገና አላወቅኩም። መታጠቡ የእኔን ፍርድ ያፈርሳል እንጂ እውነት ነው አያሰኝም። ጥሩ ሰፊ ግን ክሩን በሰም ያሸዋል። ከቆርቆሮው ሥር፣ እጥፋቱ ውስጥ ሰሙ ካለ ውሃም ዱቄትም አልነካውም። ለማየት የድሮውን ስፌት መተርተር አለብኝ። ከተተረተረ በኋላ ግን ሰብሳቢ የሚባል አይፈልገውም፤ ዋጋው ያበቃል።"

ወይዘሮ ፖሽማን ገቡና መቀስ ይዘው ተመለሱ። "ልሸጠው አይደለም አልኩ እኮ።"

የወጥ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ሸፈኑት። ፎልክማር በሕይወቱ እንደዚያ ተጠንቅቆ አያውቅም፤ አራት ስፌት ፈትቶ ገበሩን ገለጠ። ውስጡ ቢጫ ሰም የጠጣ ክር አለ። ሦስቱንም ጥብጣብ፣ የነፍስ አድኑንም ጭምር፣ አንዱ ክር ሳይቋረጥ ሰፍቷቸዋል። መብራቱን አስጠጋው። ዙሪያው ሁሉ ሲያበራ ያ ክር ጭል እንኳ አላለም።

"በዘመኑ የተሰፋ ነው" አለ ፎልክማር። "አንዱም በኋላ አልተጨመረበትም። በዚያ ጊዜ ደግሞ ያልተሸለመውን ያጠለቀ ወታደር እስር ቤት ነበር የሚወርደው።"

ዓርብ በእሳት አደጋ ቤቱ ስብሰባ ላይ ፎልክማር ቆመ። የተፈታውን ስፌት አሳየ፣ ፎጣውን አሳየ፣ ማጠቡንም ሳይደብቅ ተናገረ። ሴቶቹ ሳቁ፤ ወንዶቹ ጫማቸውን አዩ።

መምህር ቲደማን እጁን አወጣ። "ስለዚህ እሑድ ተሳስተዋል።"

"ተሳስቻለሁ።"

"በሰባት ዓመት ውስጥ ስንቱን በዚያው መብራት ጥለዋል?"

ፎልክማር ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ። "አላውቅም። ያስታወስኳቸውን ሃያ ሦስት ሰዎች ጽፌያለሁ፤ ለያንዳንዳቸው ደውዬ እጠይቃለሁ። መብራቱም ከእንግዲህ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም።"

መምህሩ ማስታወሻ ደብተሩን ዘጋ። "እኔ ይህን ያህል ባልደፈርኩ ነበር" አለ፤ ድምፅ ሲሰጥም እጁን መጀመሪያ ያነሳው እሱ ሆነ። ሌሎቹ ተከተሉ። ጀልባዋ በአባትየው ስም ፍሪዶሊን ፖሽማን ተባለች።

ውጭ ከሐይቁ በኩል ንፋስ ነበር። ወይዘሮ ፖሽማን ከፎልክማር ጎን ቆሙ።

"አንድ ነገር ልንገርዎት" አሉ። "እሑድ እኔ አመንኩዎት። ሦስት ቀን ሙሉ አባቴን ውሸታም ስለው ሰነበትኩ። ፎቶውን ወደ ግድግዳው አዞርኩት። አምስት ዓመቴ ነበር ሲሄድ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም፤ ይህቺኑ ነበር የያዝኩት።"

ፎልክማር ዓይኑን በክንዱ ጠርጎ፣ "ፎቶውን ያሳዩኛል?" አለ።

ቤት ሄዱ። ፎቶው ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፊቱን ወደ ክፍሉ አዙሮ ተሰቅሏል። ፎልክማር ኮፍያውን አውልቆ ተጠጋ። ሰውዬው ጆሮው ወጣ ወጣ ያለ፣ አንገቱ ከኮሌታው የቀጠነ ነው። የፎልክማር የራሱ ልጅ እንኳ አርባ ሞልቶት ነበር።

"ልጅ ነው እኮ" አለ ፎልክማር።

"ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር" አሉ ወይዘሮ ፖሽማን። ከዚያ ወንበር ሳቡለትና መርፌና ክር አቀረቡ፤ እሱም ተቀምጦ የፈታውን መደዳ መስፋት ጀመረ።