ጢሜን ያሳደግሁበት ወር

መጀመሪያ ያየሁት አገጬ ሥር፣ በግራ በኩል፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ነበረች። ከተላጨሁ በኋላ ታሳክከኛለች፣ ማታ ትጠፋለች። በሳምንቱ አምስት ሆኑ። በወሩ ጉሮሮዬ ዙሪያውን ሽፍ አለ፤ የሸሚዝ ኮሌታ ሲነካኝ ያቃጥለኝ ጀመር።

እኔ መርሳ ውስጥ ሬዲዮና የውሃ ፓምፕ የምጠግን ሰው ነኝ። ማንም አላስተማረኝም። ማንበብን የለመድሁት ባለሱቆች ስኳር ከሚጠቀልሉበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው፤ እኔ ፈትቼ ያልገጠምሁት ፓምፕ በከተማው ካለ አምጡልኝ። ጢሜንም በራሴ ዘዴ፣ ያለ መስታወት እላጭ ነበር። አንዱን ምላጭ በብርጭቆ ውስጠኛ ጎን እየሳልሁ ወር አደርሰዋለሁ። ቆዳዬን በጣቴ ወጥሬ ከታች ወደ ላይ፣ ደግሜ ከታች ወደ ላይ እሄድበታለሁ፤ ሳበቃ አረቄ አፈስበታለሁ። ሽፍታው ሲወጣ ምላጩ ደንዞ ነው ብዬ አብዝቼ ሳልሁት፣ አጠንክሬ ላጨሁ፣ አረቄውንም ጨመርሁ። እንደ እኔ ቆዳው ቶሎ የሚቆጣ ሰው ይህንኑ ዛሬ ጠዋት እያደረገ እንደሚሆን ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ታዲያ እየቆሰልህ ለምን በየቀኑ ትላጫለህ ትሉኝ ይሆናል። ልጃችን ደምሴ በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ስልኩ ከተዘጋ ሰባት ወር ሆኖታል። ባለቤቴ አልጋነሽ ጎህ ሲቀድ ትነሳና በሩን ታያለች፤ በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሰው የሞተበት ወንድ ደግሞ ጢሙን አይላጭም። ስለዚህ እኔ በየማለዳው ግቢ ውስጥ፣ እሷ በምታየኝ ቦታ ተቀምጬ እላጫለሁ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። የተላጨ ፊቴን አይታ ትገባና እሳቷን ታያይዛለች።

ከዚያ መግል ያዘ። አንገቴ አበጠ። ትኩሳት መጣ። ምላጩ ሲያልፍ ደምና መግል ይወርዳል። ላጨሁ። በማግስቱም ላጨሁ። ደከመኝ። በሦስተኛው ቀን አልጋነሽን የፓምፕ መለዋወጫ ልገዛ ነው ብያት በሚኒባስ ወልድያ ሆስፒታል ሄድሁ።

ሐኪሟ ከደምሴም የምታንስ ወጣት ናት።

«አባባ፣ በምንድን ነው የሚላጩት?»

ዘዴዬን በዝርዝር ነገርኋት። ብዕሯን አስቀመጠች።

«በብርጭቆ?»

«በብርጭቆ።»

«ጢምዎ ጥቅልል ነው» አለችኝ። «ቆዳውን ወጥረው ከሥሩ ሲቆርጡት ጫፉ ይሾላል። ሲያድግ ይጠመዘዝና ተመልሶ ቆዳዎን ይወጋል። ሰውነትዎ እንደ እሾህ ይቆጥረዋል፤ የሚቆጣው ለዚህ ነው።»

ስሙ ሱዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ ይባላል አለች፤ በወረቀት ላይ አስጻፍኋት። ቁስሉ በባክቴሪያ መመረዙንና እንዲህ ከቀጠልሁ ኬሎይድ የሚባል፣ ከቆዳ በላይ የሚያብጥ ጠባሳ ሊያወጣብኝ እንደሚችል ነገረችኝ። የሚዋጥ ዶክሲሳይክሊንና የሚቀባ መድኃኒት አዘዘችልኝ።

«አንድ ወር ምላጭ እንዳይነኩ።»

«አይሆንም።»

«ምን ያግድዎታል?»

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና ወጣሁ።

ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም። ስለ ሁሉም ነገር ሰው የሚያማክረኝ እኔ፣ አንዲት ልጅ «በብርጭቆ?» ብላ እንደታዘበችኝ ማውራት ከበደኝ። አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ብርድ መታኝ አልሁ።

በአምስተኛው ቀን ሽበቱ ጉንጬን ሞላው። ጎረቤታችን ሰይድ ከሩቅ አይቶኝ «ጋሽ ውብሸት፣ ሱናውን ያዙት እንዴ? ማሻአላህ፣ ጁምዓ አብረን ነን!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልጋነሽ አልሳቀችም። ምግብ ተወች። በማግስቱ ሦስት የሰፈር ሴቶች መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ።

ሴቶቹ ሲሄዱ አልጋነሽ ፊቴ ቆመች። ከተጋባን ጀምሮ አንቱ ብላኝ ነው የኖረችው።

«ንገረኝ» አለችኝ። «ልጄ የት ወደቀ? ንገረኝ እንጂ፣ አንተ ሰውዬ!»

ፎጣውን ፈትቼ ቁስሌን አሳየኋት። የሐኪሟን ወረቀት ዘረጋሁላት።

«ቁስሉን መች አጣሁት? እየደማህም ትላጭ ነበር። ዛሬ ለምን ተውህ? ወረቀቱን የምታነበው አንተ፤ ያሻህን ብታነብልኝ በምን አውቅብሃለሁ?»

በዕድሜዬ ሁሉ ማንበቤ ያልጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

በነጋታው ይዣት ወልድያ ሄድሁ። ሐኪሟ ነገሩ ሲገባት ከወንበሯ ተነስታ እጇን ያዘቻት።

«እማማ፣ እንዳይላጩ የከለከልኋቸው እኔ ነኝ። ስለ ቁስሉ ብቻ ነው።»

«ማርያምን በይኝ።»

«ማርያምን።»

አልጋነሽ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲበቃት ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ወደ እኔ እያየች ሐኪሟን ጠየቀቻት፦ «ለመሆኑ እንዳይነኩ ያልሻቸው ምላጭ ነው ወይስ ምላስ?»

ከዚያ በኋላ ያገገምሁት ቀስ በቀስ ነው። ትኩሳቱ በሳምንት ውስጥ ለቀቀኝ፤ አልጋነሽ ጠዋትና ማታ ለብ ባለ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ አንገቴ ላይ እያሳረፈችልኝ፣ መድኃኒቱን በስሱ እየቀባሁ፣ ወደ ውስጥ ከገቡት ጠጉሮች ብዙዎቹ በራሳቸው ቀና ብለው ወጡ። በወሩ መጨረሻ ኮሌታዬን ቆልፌ ሱቄን ከፈትሁ፤ ከጆሮዬ ሥር ትንሽ ጠባሳ ቀርታለች።

ቆዳችሁ እንደ እኔ ከሆነ ጢማችሁን ከሥሩ አትጨርሱት። በቶንዶስ አሳጥሩትና ጥቂት ይቅር፤ ቶንዶሱ የራሳችሁ ይሁን፣ ፀጉር ቤት ከሄዳችሁም በአልኮል ሲጠረግ ዓይናችሁ እያየ ይሁን። ምላጭ የግድ ከሆነ አዲስ ይሁን፤ ፊታችሁን በሞቀ ውሃ አርሱ፣ የሳሙናውን አረፋ ጥቂት አቆዩት፣ ቆዳውን ሳትወጥሩ ጠጉሩ በተኛበት አቅጣጫ አንዴ ብቻ እለፉበት። በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቃችሁ ቫዝሊን ነገር ተቀቡ። አረቄም ሎሚም አይንካው። የገባውን ጠጉር በወረንጦ አትቆፍሩ። መግል ከያዘ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ እኔን የሚያህል ሰው ሄዷል። ሐኪሙ ያላችሁንም ያን ዕለት ለቤታችሁ ተናገሩ።

ያቺን ሐኪም አመሰግናለሁ፤ መድኃኒቱ ሥራዋ ነበር፣ ከወንበሯ መነሳቷ ግን በትእዛዝ ወረቀት የሚጻፍ አይደለም። ሳይጸየፉ አንገቴን ያጠቡልኝንም እጆች አመሰግናለሁ።

ደምሴ እስካሁን አልደወለም። እኔ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ አሳጥራለሁ፤ በሌላው ቀን ሽበቴ ይታያል። አልጋነሽ ፊቴን አይታ መገመት ትታለች። ጠዋት ከበሩ ስትመለስ «ወሬ አለ?» ትለኛለች።

«የለም» እላታለሁ።

ታምነኛለች።