ባለቤቴ ያላሻገረው ቃል

የባለቤቴ ድምፅ በምንም ነገር ላይ አልቀረልኝም። ፎቶግራፉ አለ፣ ባርኔጣው አለ፣ ሲያስተምርባቸው የነበሩት ደብተሮች በካርቶን ታስረው አሉ። ድምፁ ግን የለም። ስልክ ሲደወልለት እንኳ ሁለት ቃል ተናግሮ የሚዘጋ ሰው ነበር። የሱ ድምፅ ጠፍቶ፣ እሱ ሲተረጉምልኝ የነበሩት የሁለት አሜሪካውያን ድምፅ አንድም ቃል ሳይጎድል ተቀምጦ መገኘቱ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

እሱ በመጀመሪያ ገለምሶ፣ ኋላም እዚህ ጭሮ እንግሊዝኛ ሲያስተምር ኖረ። የሰፈሩ አስታራቂም እሱ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ዲሽ አስተከለ፤ ለኳስ አይደለም፣ አሜሪካኖች መሪ ሲመርጡ ለማየት ነው። "እዚያ አገር መሪ መሆን የፈለገ ሰው መጀመሪያ ጋዜጠኛ ፊት ይቀርባል" ይለኝ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያልዘለልኩ ሴት ነኝ። ያደግኩት ሹም ተቀምጦ ሕዝብ ቆሞ ሲጠየቅ እያየሁ ነው። እዚያ ግን ጠያቂዋ ተቀምጣ፣ መሪ መሆን የፈለጉት ሁለቱ ቆመው ሲመልሱ ሳይ ዓይኔን ከቴሌቪዥኑ መንቀል አቃተኝ።

ክርክሩ በቀጥታ የሚተላለፈው እኛ ተኝተን ሳለ ስለሆነ፣ የምናየው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሲደገም ነበር። የጫት መኪኖቹ አስፋልቱን አናውጠው ካለፉና ሰፈሩ ጸጥ ካለ በኋላ ጎረቤት በርጩማውን እየያዘ ይመጣል። ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው ከአጥር ወዲያ ያለው ጎረቤታችን ነው። አሁን ጫት ይነግዳል፤ በወጣትነቱ ግን ጅቡቲ ወደብ መርከብ ሲያራግፍ ስለኖረ ከመርከበኞች የለቀመው እንግሊዝኛ ነበረው። የተወዳዳሪዎቹ ስም አፋችን ላይ አልቀመጥ ስላለ አንዱን ረጅሙ፣ ሌላውን አጭሩ ብለናቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ሽምግልና መስሎኝ ነው ያየሁት። ጠያቂዋ ደቂቃ ትቆጥራለች፣ አንዱ ሲናገር ሌላውን ዝም ታሰኛለች። ጎበዝ ዳኛ ናት አልኩ። ሁለቱ ጨርሰው ተጨባበጡ። ሰው ሁሉ በርጩማውን አነሳ፤ እኔ አልተነሳሁም።

"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ ባለቤቴ።

"ፍርዱን ነዋ። ሴትዮዋ ዞር ብላ መክራ ትመጣ የለ?"

"አቦ፣ ካሳም ታስቆርጥልሽ እንዴ?" አለ ጎረቤታችን። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ባለቤቴ ብቻ አልሳቀም። "እሷ አትፈርድም" አለኝ። "ፍርዱ የሰሚው ነው።"

ከዚያ ጣቢያ ሲቀያይር አንዱ ረጅሙ አሸነፈ ይላል፣ ሌላው አጭሩ አሸነፈ ይላል። ሁለቱም ያዩት ያንኑ ክርክር ነው። "ምስክር እንዴት ዳኛ ይሆናል?" ብዬ ተናደድኩ። "ለዚህ እኮ ነው ክርክሩን ራሱን የማሳይሽ" አለኝ። እኔም አመንኩት፤ ክርክሩን ራሱን ያየሁ መሰለኝ።

በሁለተኛው ክርክር ጠያቂዋ ሁለቱን ስለ አረጋውያን ሕክምና ጠየቀቻቸው። አጭሩ ሰውዬ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ። ባለቤቴ በዚያ በተረጋጋ ድምፁ ተረጎመው፦ "ከወንድሜ ጋር በዚህ ጉዳይ አንስማማም። እኔ ግን ያረጀ ሰው በደጅ ሲጉላላ ማየት አልወድም።" ልቤን ነካው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የአጭሩ ሰው ሆንኩ።

ጎረቤታችን ጉሮሮውን ጠረገ። "መምህር፣ እንደሱ አላለም። ደደብ ብሎ ሰደበው። የሕክምናውንም ነገር አልመለሰም። ያንን ቃል እኔ አውቀዋለሁ፤ ዕቃ ሲያመልጠን መርከበኞቹ የሚሉን እሱን ነው።"

ባለቤቴ መልስ ሳይሰጥ እኔ ቀደምኩ። "አንተ ደግሞ ጆንያ ስትሸከም በለቀምከው እንግሊዝኛ መምህር ልታርም አማረህ? ውሸታም።"

ሰባት ስምንት ሰው ተቀምጧል። ጎረቤታችን ተነሳ፣ በርጩማውን ብብቱ ውስጥ አደረገ። "ወላሂ፣ አዴ፣ አልዋሸሁም" አለ፤ ሰድቤው እንኳ "አዴ" የሚለውን የአክብሮት ስም ሳይነፍገኝ ወጣ። ባለቤቴ ዝም ብሎ ቴሌቪዥኑን ያያል። ዝምታውን ትልቅነት አደረግኩለት። እኔማ በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ከሽንኩርት ሻጭ ጋር ሳይቀር ለአጭሩ ስከራከር ዋልኩ።

ከዚያ ወዲህ አሜሪካኖች ሁለት ጊዜ መረጡ። በመሃሉ ባለቤቴ ታሞ አረፈ። ጎረቤቴ ድንኳን ተከለ፣ ሦስቱን ቀን ከለቀስተኛ ጋር ተቀመጠ፣ ውኃ አስቀዳ። ከዚያ በኋላ ግን "እንዴት አደርሽ፣ እንዴት አደርክ" ብቻ ሆነ። በርጩማውን ይዞ በሬን አልረገጠም። እኔም ና አላልኩም፤ የበደለ እሱ ነው ብዬ።

ዛሬ ቅዳሜ በጠዋት ሂርና የምታስተምረው ልጄ መጣች። እሷም እንደ አባቷ የእንግሊዝኛ መምህር ናት። ያንን የአጭሩንና የረጅሙን ክርክር ሲተረጉምልኝ የነበረው ድምፁ ናፈቀኝ ብዬ ሳማርራት፣ "እማዬ፣ ያ ክርክር እኮ ስልክ ላይ አለ" አለችኝ።

"እንዳትተረጉሚልኝ" አልኳት። "ዝም ብለሽ ክፈችው።"

እኔ የፈለግኩት የነሱን ነገር አልነበረም። እነሱ ሲናገሩ የሱ ድምፅ የት ላይ ይገባ እንደነበር ማወቅ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ አዳመጥኩ። የሴትዮዋን ጥያቄ አወቅኩት፣ እዚህ ጋ ውኃ ጠጥቶ ነበር። የረጅሙን ሳል አወቅኩት፣ እዚህ ጋ ወደኔ ዞሮ ነበር። አጭሩ ጋ ስንደርስ ቃሉን በልቤ ይዤው ስለነበር በሱ ፋንታ እኔው ማለት ጀመርኩ፦ "ከወንድሜ ጋር በዚህ ጉዳይ አንስማማም..."

ልጄ ስልኩን አቆመችው። "ማነው እንደሱ ያለሽ?"

"አባትሽ ነዋ።"

"እማዬ፣ ሰውዬው እንደሱ አይልም። 'ይኼ ደደብ' ነው የሚለው። ከዚያም ስለ ረጅሙ ሚስት ያወራል።"

"ስለ ሕክምናውስ?"

"ምንም።"

ሌላ አልጠየቅኳትም፤ አርባ ዓመት የኖርኩት ከአስታራቂ ጋር ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ አንዱን እኛ ቤት፣ ሌላውን ጎረቤት ቤት አስቀምጦ በመሃል ይመላለስ ነበር። ሚስት "ውሻ ነህ በልልኝ" ትለዋለች። ባል ዘንድ ሄዶ "በጣም ተከፍታለች" ይላል። "ሽማግሌ ስድብ ተሸክሞ አይሻገርም" ይለኝ ነበር። በዚህ ከተማ በዚህ ዘዴው የቆመ ስንት ትዳር አለ። ያን ዕለትም ሁለቱ አሜሪካውያን የተጣሉ ጎረቤቶቹ መስለውት ነበር፤ አፉ ስድቡን አላሻግር አለው።

ለትዳር ደግ ነው። ግን መሪ ሲመረጥ ስድቡ ራሱ ማስረጃ ነው። ማስረጃውን ደብቆ "ፍርዱ የሰሚው ነው" አለኝ። እኔም በተደበቀ ማስረጃ ለአንዱ ፈረድኩ፣ እውነት የተናገረውን ደግሞ ከቤቴ አባረርኩ። እነዚያን ጣቢያዎች ስረግም የእኛም ቤት አንድ ጣቢያ እንደነበር አላወቅኩም።

ነጠላዬን አንስቼ ጎረቤቴ ጫት ወደሚሸጥበት መደብ ሄድኩ። ደንበኞች ቆመዋል።

"ሰው ይሂድና እናውራ፣ አዴ" አለኝ ፊቴን አይቶ።

"አይሄድም። ያዋረድኩህ ሰው ፊት ነው።" ከዚያ ውሸታም ያልኩት ሰው እውነተኛ እንደነበር፣ ጆንያ ያልኩትም ነውር እንደነበር ለቆሙት ሁሉ ተናገርኩ። አንዲት ገዢ ያልገባት ነገር ቢሆንም "አላህ ያስታርቃችሁ" አለች።

ጎረቤቴ ጫቱን በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ ለገዢዋ ሰጣት። "መምህር እኮ በማግስቱ መጥቶ ነግሮኛል" አለኝ።

"ምን ብሎ?"

"'ትክክል ነህ፣ አፌ እምቢ አለኝ' አለ። 'ለሷ ንገራታ' አልኩት። 'ትንሽ ትቀዝቅዝና እነግራታለሁ' አለኝ።"

"ከዚያስ?"

"በየጊዜው ስጠይቀው 'ገና ናት' ይለኝ ነበር።"

የቆሙት ሁሉ ሳቁ፤ እኔንም ሳቅ አመለጠኝ። ጎረቤቴ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በርጩማውን ይዞ እንደሚመጣ ነገረኝ፤ ልጄም ስድቡንም ምኑንም ሳትቀንስ ትተረጉምልናለች።

ወደ ቤት ስመለስ ግን ሳቁ ጥሎኝ ሄደ። ባለቤቴ ሲታመም ብዙ ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ነበር። ዓይኑን ገልጦ ለረጅም ጊዜ ያየኝ ቀን ነበር፤ አንድ ነገር ሊለኝ ነው ብዬ ጎንበስ ስል፣ ያን ዕለት ከሐኪሙ ጋር ተጣልቼ ስለነበር ፊቴ እንደተቆጣ ነበር። ገና ናት ብሎ ነው መሰል፣ ዓይኑን መልሶ ጨፈነው።

ይኸው ቀዝቅዣለሁ። አሁን ይንገረኝ።